ሰው ያለበትን በር ፍለጋ

ሆቴሉ መጀመሪያ የሚታየው ከውጭ ነው። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ያስገባ ታዳጊ ፊቱ ድቅን የሚልበት በጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሳለ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ መስኮቶቹ ብዙ ናቸው፣ ሰው ግን አይታይም። ቀጥሎ ናቪጌተር የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ይከፈታል። ሰሌዳው ላይ የክፍሎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን ክፍሉ ምን ያህል እንደሞላ የሚናገር ምልክት አለ። ታዳጊው ስሞቹን በደንብ አያነብም። ዓይኑ የሚሮጠው ምልክቱ ላይ ነው። ባዶውን ይዘለዋል፤ ሁለት ሰው ያለበት ላይ ትንሽ ያመነታና ይተወዋል፤ ሞቅ ያለውን ሲያገኝ ይጫነዋል። ወዲያው ከላይ በሰያፍ የሚታይ ክፍል ይከፈትና አቫታሩ፣ ማለትም እሱን የሚወክለው ምስል፣ በሩ ላይ ቆሞ ይታያል። ሶፋ ላይ የተቀመጡ አሉ፣ የሚጨፍሩ አሉ፤ የሚጽፉት ቃል ከራሳቸው በላይ በአረፋ ተከቦ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

ይህ ሃቦ ሆቴል ነው። መነሻው ፊንላንድ ሲሆን ጀማሪዎቹ ሳምፖ ካርያላይነንና አፖ ኪዩሮላ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ሁለቱ ሞባይልስ ለሚባል የሙዚቃ ቡድን ማስተዋወቂያ የሚሆን ምናባዊ ጭፈራ ቤት በኢንተርኔት ላይ ሠርተው ነበር። ሐሳቡ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2000 ሆቴሊ ኩልታካላ የሚባል የፊንላንድ ሆቴል ወጣው፤ በ2001 ደግሞ ሃቦ ሆቴል በሚል ስም በእንግሊዝ ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የሚኖሩ ታዳጊዎች ከትምህርት ቤት መልስ የሚገናኙበት ቦታ ሆኖ ዓመታት ዘልቋል።

ስለ ሃቦ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሥዕሎቹና ታዳጊዎቹ በገንዘብ ስለሚገዟቸው የቤት ዕቃዎች ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ተጠቃሚዎች ራሳቸው በሠሯቸው እጅግ ብዙ ክፍሎች መካከል አንድ ሰው ዛሬ ማታ ከማን ጋር እንደሚያወራ የሚወስነው እሱ ነውና። የምናባዊ ዓለማትን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ የተመለከተ ሰው ዲዛይነሮቹ አንድ ነገር ለመረዳት ብዙ ዓመት እንደፈጀባቸው ያያል። እዚያ የሚገባ ሰው በአብዛኛው ቦታ አይፈልግም። የሚፈልገው ሰው ነው።

ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ

የመጀመሪያዎቹ የምናባዊ ዓለም ክፍሎች ሥዕል አልነበራቸውም። በ1978 በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሮይ ትራብሾ መድ የሚባለውን ጨዋታ ጀመረ፤ ሥራውን ተረክቦ ያስፋፋው ሪቻርድ ባርትል ነው። መድ ሙሉ በሙሉ በጽሑፍ የተሠራ ዓለም ነበር። ክፍሉ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይገለጻል፤ ተጫዋቹ ወደ ሰሜን መሄድ ከፈለገ ሰሜን የሚለውን ቃል ወይም የመጀመሪያ ፊደሉን ይጽፋል፤ ቀጣዩ ክፍል ተገልጾ ይመጣል። እንዲህ እያለ ክፍል በክፍል ይጓዛል። መንገዱን የሚያስታውስለት ነገር ስላልነበረ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ወዳጆች አጠገባቸው ወረቀትና እርሳስ አስቀምጠው ካርታ ይስሉ ነበር። ካርታው ሁልጊዜ በወረቀት ላይ አይገጥምም፤ በምሥራቅ የወጣ ሰው በምዕራብ ተመልሶ ወደነበረበት ላይደርስ ይችላልና።

በዚያ ዘመን መጥፋት የጨዋታው አካል ነበር፤ ውድ ሀብት የሚፈልግ ሰው መንገድ ቢጠፋበት አያማርርም። ችግሩ የመጣው ሰዎች ለጨዋታ ሳይሆን ለወሬ መግባት ሲጀምሩ ነው። በ1990 ፓቬል ከርቲስ የሚባል የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ባልደረባ ላምዳሙ የተባለ የጽሑፍ ዓለም ከፈተ። ዓለሙ ራሱ ይኖርበት በነበረው ቤት አምሳል የተሠራ ነው። አዲስ ገቢው ዓይኑን የሚገልጠው በጨለማና በጠባብ የኮት ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሆን በሩን ከፍቶ ሲወጣ ራሱን ሳሎን ውስጥ ያገኘዋል። ሳሎኑ ሁልጊዜ በሰው የተሞላ ነበር። ተጠቃሚዎች ቤቱን በየአቅጣጫው እየቀጠሉ፣ ክፍል ላይ ክፍል እየሠሩ እጅግ አሰፉት፤ ሰዉ ግን ከሳሎኑ አልርቅ አለ። በቁም ሣጥኑ በር የወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነዋ።

ላምዳሙ ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮችን ሰጠ። አንደኛው አሁን ማን እንዳለና የት እንዳለ የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው የሰውየውን ስም ጽፎ በአንድ ጊዜ እሱ ወዳለበት ክፍል መዝለያ ነው። በጊዜው እንደ ተራ ማሳጠሪያ ተቆጥረው ይሆናል። እኔ ግን ከኮምፓሱ አቅጣጫ ወደ ሰው ስም የተደረገውን ይህን ሽግግር ከዚያ በኋላ ለመጡት ዓለማት ሁሉ መሠረት አድርጌ ነው የማየው።

ሃያ ሺህ ቤት

ከላምዳሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ሉካስፊልም ጌምስ ውስጥ ቺፕ ሞርኒንግስታርና ራንዲ ፋርመር ሃቢታት የሚባል ባለሥዕል ዓለም ሠርተው ነበር። የሚሠራው 64 ኪሎባይት ብቻ ሜሞሪ ባለው ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ላይ፣ በስልክ መስመር በኩል ነበር። ሁለቱ በ1990 ስለዚህ ሥራ ባቀረቡት ጽሑፍ እንደሚያስረዱት ዓለሙ 20,000 አቫታሮችን እንዲያስተናግድ ታቅዶ ነበር። ስለዚህ 20,000 ቤት ያስፈልጋል፤ ከተሞች፣ መንገዶችና ገበያዎችም ያስፈልጋሉ። ሰዉ አንድ ቦታ ላይ እንዳይታጨቅ በከተሞች መካከል ባዶ ምድር ሳይቀር ታስቦለታል።

ስጋታቸው መጨናነቅ ነበር፤ በምድራችን ላይ ከተማ የሚያቅድ ሰው ሁሉ የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው። በምናባዊው ዓለም ያለው አደጋ ግን ተቃራኒው ነው፦ ሰፊ ምድር፣ ጥቂት ሰው። በሃቢታት አንዱ ስፍራ በጎኖቹ ከሌሎች አራት ስፍራዎች ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ አራቱን አልፎ ሌላ አራት፣ ያንንም አልፎ ሌላ። እያንዳንዱ ስፍራ ከዲስክ እስኪነበብና እስኪሳል መጠበቅ ግድ ነው። የስልክ ማነጋገሪያ ክፍል የሚመስሉ የቴሌፖርት ዳሶች የተተከሉት ይህን ድካም ለማቃለል ነው። ዳሱ ግን ሰዎቹ የት እንዳሉ አይናገርም።

ባዶ ክፍል በምናባዊ ዓለም ውስጥ ለምን እንደሚከብድ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰፈራችን ውስጥ ድግስ ያለበት ቤት ሳይነገረን ይታወቃል፤ ድንኳኑ፣ በሩ ላይ የተኮለኮለው ጫማ፣ ከውስጥ የሚሰማው ሳቅ ይጠራናል። የኮምፒውተሩ ክፍል ግድግዳ ግን ምንም አያሳልፍም። ውስጡ ሃያ ሰው ቢጨፍር በውጭ የሚያልፈው ምንም አይሰማም፤ ገብቶ ካላየ በቀር። ገብቶ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይወጣል፤ ሁለተኛውን ይሞክራል፤ ሦስተኛውም ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይሄዳል። እሱ ከወጣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሌላ ብቸኛ ሰው እዚያው ክፍል ገብቶ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱ ይፈላለጉ ነበር።

የሃቦ ናቪጌተር የፈታው ይህንን ነው። በጥንቱ ናቪጌተር ክፍሎቹ በሁለት ይከፈሉ ነበር። አንደኛው ወገን ኩባንያው ራሱ የሠራቸው የሕዝብ ቦታዎች፣ መዋኛው፣ ቲያትሩ፣ ጭፈራ ቤቱ ናቸው። ሁለተኛው ተጠቃሚዎች የሚሠሯቸው የእንግዳ ክፍሎች ሲሆኑ በዓይነት በዓይነታቸው ተመድበዋል፤ ዕቃ መለዋወጫው፣ ጨዋታው፣ ድግሱ ለየብቻ። የክፍሉን ወይም የባለቤቱን ስም ጽፎ መፈለግ ይቻላል፤ የወደዱትን ክፍል ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ይቻላል። የክፍሉ ባለቤት በሩን ክፍት ሊተወው፣ ደወል ሊያደርግበት ወይም በይለፍ ቃል ሊቆልፈው ይችላል፤ ይህም ገና ከመግባት በፊት በዝርዝሩ ላይ ይታያል። ደጅ ደርሶ መመለስ ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የማደንቀው አንድ ትንሽ አዝራር ነው፤ የሞሉ ክፍሎችን ከዝርዝሩ የሚደብቀውን። የእንግዳ ክፍል የሚይዘው የሰው ቁጥር የተወሰነ ስለነበር በጣም የተወደደው ክፍል ቶሎ ይሞላል። የሞላ ክፍል ስም ከላይ ተሰቅሎ ከቀረ ሁሉም እሱን እየተጫነ ይመለሳል። ከተደበቀ ግን ዓይን ከሥሩ ያለውን ያያል፤ አምስት ሰው የነበረበት ክፍል ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን ያገኛል። አንድ ክፍል እንዳይሞት ይህችን ያህል ሊበቃው ይችላል።

በኋላ ሃቦ በፍላሽ ቴክኖሎጂ እንደገና ሲሠራ ናቪጌተሩ ይበልጥ ወደ ሰው ተጠጋ። ጓደኞቼ አሁን ያሉባቸው ክፍሎች የሚል ዝርዝር መጣ፤ የጓደኞቼ ክፍሎች፣ ቀደም ሲል የገባሁባቸው ክፍሎች የሚሉትም እንዲሁ። በጓደኛ ስም ጎን ያለውን ምልክት ተጭኖ ያለበት ድረስ መከተል ተቻለ። በላምዳሙ የትእዛዙን አጻጻፍ ያጠና ሰው ብቻ ያደርገው የነበረውን አሁን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ጠቅታ አደረገው።

ተጠቃሚዎቹ ራሳቸውም አቅጣጫ ሠሪዎች ነበሩ። በሃቦ የሚሸጥ የቴሌፖርት ዕቃ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አንዱን እዚህ ክፍል፣ ሌላውን እዚያ ክፍል ያስቀመጠ ሰው ሁለቱን አገናኘ ማለት ነው። በዚህ መሣሪያ ልጆቹ የሆስፒታል መቀበያን ከማከሚያ ክፍሉ አያያዙ፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግሩ የጨዋታ መንገዶችን ሠሩ። ናቪጌተሩ የማያውቃቸውን፣ የሚያውቅ ብቻ የሚደርስባቸውን ስፍራዎችም ፈጠሩ። ዝርዝር ብቻውን የማይሰጠው የቅደም ተከተል ስሜት፣ ማለትም መጀመሪያ እዚህ ቀጥሎ እዚያ የሚለው፣ በእነዚህ ጥንዶች ተመለሰ።

መንገዱ ሲቀር

ለተጠቃሚው መንገድን ማሳጠር ሁልጊዜ ያለ ኪሳራ እንደማይሆን ያሳየው ሴኮንድ ላይፍ ነው። ፊሊፕ ሮዝዴል የመሠረተው ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ይህን ዓለም በ2003 ሲከፍት ምድሩን 256 ሜትር በ256 ሜትር በሆኑ ክልሎች ከፋፍሎ ነበር። ተጠቃሚዎች መሬት ይገዛሉ፣ ይገነባሉ፣ ይነግዳሉ። አቫታር መብረር ይችላል፤ ቢሆንም ምድሩ ሰፊ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ሰው ሩቅ ቦታ መርጦ ቴሌፖርት ሲል የሚያርፈው እዚያው ላይ አልነበረም። በአቅራቢያው ቴሌሀብ በሚባል ጣቢያ ያርፋል፤ የሚሄድበት ቦታ በቀይ የብርሃን ዓምድ ይመለከትለታል፤ የቀረውን ይበራል። ነጋዴው ይህን ሲያይ ዝም አላለም። የቴሌሀብ ዙሪያ ሱቅ በሱቅ ሆነ፤ የመሬቱ ዋጋ ከሌላው በጣም ተወደደ። ሰውና ሕንፃ ስለተደራረበበት ኮምፒውተሩ እያቃሰተ፣ ሥዕሉ እየተንተባተበ ነው የሚታለፈው።

በታኅሣሥ 2005 ኩባንያው ቀጥታ ቴሌፖርትን ፈቀደ። ማንም ሰው ካርታው ላይ የመረጠው ነጥብ ላይ ማረፍ ቻለ፤ ቴሌሀቦቹ ቀሩ፣ ብዙዎቹም ወደ መረጃ ማዕከልነት ተለወጡ። በጣቢያው ዳር መሬት በውድ የገዙ ሰዎች የከፈሉበት ነገር በአንድ ቀን ጠፋባቸው። ቅሬታው ብርቱ ስለነበር ኩባንያው መሬታቸውን መልሶ ሊገዛቸው ቀረበ።

ለውጡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጓደኛውን ሊያገኝ የሚሄድን ሰው በገበያ መካከል እንዲያልፍ ማስገደድ ለባለሱቁ እንጂ ለእሱ አይጠቅምም። ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ከጣቢያው እስከ መድረሻው በሚበርበት ጊዜ ሰው ያላሰበውን ያይ ነበር። የማያውቀው ሰው የሠራው የአትክልት ቦታ ከሥሩ ያልፋል፤ አንድ ሰው ቆሞ ቤቱን ሲሠራ አይቶ ይወርዳል፣ ያዋራዋል። ቀጥታ ቴሌፖርት ይህን አጠፋ። የሚያውቁትን ማግኘት ቀለለ፤ የማያውቁትን ማግኘት ከበደ።

ስለ ቦታና ስለ አእምሮ የሚያጠኑ ሰዎችም የሚሉት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ኬቨን ሊንች በ1960 ባሳተመው ጥናት የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን በልባቸው የሚይዙት በመንገዶች፣ በድንበሮች፣ በሰፈሮች፣ በመገናኛዎችና ጎልተው በሚታዩ ምልክቶች መሆኑን አሳይቷል። በ1996 ደግሞ ሩዶልፍ ዳርከንና ጆን ሲበርት ሰፋፊ ምናባዊ ዓለማት ውስጥ ሰዎች እንዴት እንደሚፈልጉ ሲያጠኑ መመሪያ የሌለው ዓለም ሰውን እንደሚያደናግር፣ ካርታና ምልክት ሲጨመርበት ግን እንደሚያቀናው አገኙ። በቴሌፖርት ብቻ የሚጓዝ ሰው መንገድም ድንበርም አያውቅም፤ ያለው የተነጣጠሉ ቦታዎች ስብስብ ነው። ለጓደኛ ፍለጋ ይህ በቂ ነው። አገር ለማወቅ ግን አይበቃም።

ቁጥር ቁጥርን ሲጠራ

መንገዱ ከቀረ በኋላ ሁሉ ነገር በዝርዝሩ ላይ ወደቀ። በሴኮንድ ላይፍ የፍለጋ ውጤት ከላይ የሚያስቀምጠው ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ የቆየበትን ቦታ ነበር። ባለቦታዎቹ ይህን እንደተረዱ ካምፒንግ ቼር የሚባሉ ወንበሮችን አስቀመጡ፤ እዚያ ላይ ዝም ብሎ ለተቀመጠ አቫታር በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ የዓለሙ ገንዘብ ይከፈለዋል። ሰው ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ይተኛል፤ አቫታሩ ተቀምጦ ያድራል፤ የቦታው ቁጥር ይጨምራል። ቀጥሎ ሰውም አላስፈለገም፤ በፕሮግራም የሚንቀሳቀሱ ቦቶች ተደርድረው ቆሙ። ሰው ፈልጎ የመጣ እንግዳ የሚያገኘው የማይመልስ ሕዝብ ሆነ። ኩባንያው በ2009 ቁጥርን በቦት ማሳበጥን ከለከለ።

ይህ የጥቂት አጭበርባሪዎች ታሪክ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። የሰው ቁጥርን ብቻ የሚመለከት ዝርዝር ማንም ባያጭበረብርበት እንኳ የሞላውን እየሞላ፣ ባዶውን እያራቆተ ይሄዳል። አማርኛ ተናጋሪው ዳያስፖራ ይህን በራሱ ያውቀዋል። በ2000ዎቹ፣ በተለይ ከ2005ቱ የኢትዮጵያ ምርጫ ወዲህ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፓልቶክ በሚባለው የኢንተርኔት መወያያ ላይ ሩም (ክፍል) ከፍተው ሌሊቱን ሙሉ ስለ አገር ይከራከሩ ነበር። ገቢው መጀመሪያ የሚያየው ከሩሙ ስም ጎን ያለውን የሰው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ያለበት ሩም ተናጋሪ ይስባል፤ ተናጋሪው አድማጭ ያመጣል፤ ስለ መጻሕፍት ለማውራት አምስት ሰው ይዞ የተከፈተው ሩም ጥሩ ቢሆንም ከሥር ይቀራል። በኋላም ክላብሐውስ የሚባለው የድምፅ መወያያ ሲመጣ ነገሩ ተደገመ።

ሌላው ዋጋ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ሰውን በቀላሉ የሚያገኝ መሣሪያ ለክፉ ሰውም እኩል ይሠራል። በሰኔ 2012 የእንግሊዙ ቻናል 4 ዜና ሃቦ ውስጥ ልጆችን ለወሲብ የሚያድኑ አዋቂዎች እንደሚገኙ አጋለጠ፤ ኩባንያው በሆቴሉ ሁሉ ጽሑፍ መለዋወጥን ለጊዜው ዘጋ፣ ባለሀብቶችም ገንዘባቸውን ይዘው ወጡ። ስለ ጉዳዩ ሲወራ ትኩረቱ የሚጻፈውን በሚያጣሩት ሠራተኞች ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ለእኔ ግን ማን የማንን ክፍል ያያል፣ ማን ማንን ተከትሎ መግባት ይችላል የሚለው ጥያቄም የዚያኑ ያህል የልጆች ደኅንነት ጥያቄ ነው።

በ2017 ስቲም በሚባለው የጨዋታ መደብር በኩል ለብዙኃኑ የቀረበው ቪአርቻት የተባለው ምናባዊ ዓለም ይህንን ከሌሎቹ ይልቅ በጥንቃቄ ያሰበበት ይመስለኛል። እዚያ አንድ ዓለም በአንድ ጊዜ ብዙ ቅጂ ሊኖረው ይችላል፤ እያንዳንዱን ቅጂ ማን እንዲያየው የከፈተው ሰው ይወስናል። ለሁሉም ክፍት ማድረግ ይቻላል፤ ለተጋበዙ ብቻም ይቻላል። መካከለኛውን መንገድ ነው የምወደው፦ ውስጥ ካለ ከማንኛውም ሰው ጋር ጓደኛ የሆነ ሁሉ ቅጂውን አይቶ መግባት ይችላል። ክፍሉ የሚሰፋው ሰው ሰውን እያስተዋወቀ ነው። አዲስ የተሠሩ ዓለማት ደግሞ ኮሚዩኒቲ ላብስ የሚባል የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ አዲስ ነገር ማየት የሚወዱ ሰዎች እዚያ ገብተው ያዩአቸዋል፣ የተወደዱት ወደ ዋናው ዝርዝር ይሻገራሉ። ጎብኚ የሌለው ሥራ ከገናናዎቹ ጋር በቁጥር እንዲወዳደር አይገደድም።

ዝርዝሩ የወሰደውን በርም የቪአርቻት ሠሪዎች መልሰውታል። አንድ ቡድን ቆሞ ሲያወራ ከመካከላቸው አንዱ ከሜኑው ቀጣዩን ዓለም ይመርጥና መሬት ላይ ፖርታል ይተክላል። የሚገቡበት ዓለም ስም ከላዩ ይታያል። መሄድ የፈለገ በእግሩ ይገባበታል፤ መቅረት የፈለገ ይቀራል፤ እነማን እንደሄዱ ሁሉም ያያል። ፖርታሉ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ያመለጠው ሰው የጓደኞቹን ስም ዝርዝር ከፍቶ ያሉበትን አይቶ ይከተላቸዋል፤ ጓደኛው ያለበት እንዳይታይ የመረጠ ከሆነ ግን ልግባ ብሎ ይጠይቅና ፈቃዱን ይጠብቃል።